በሙቅ ውሃ ውስጥ ቅንጣት ሲወርድ፦ ማጠብ፣ ማጣራት፣ ማለስለስ ወይስ መቀየር?

ሻወር ሲከፈት ነጭ ፍርፋሪ ይወርዳል። ላቫንዲኖው ላይ ቡናማ አሸዋ የመሰለ ነገር ይቀራል። የሻወሩ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይደፈናሉ። ይሄኔ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ማጣሪያ ገዝቶ ያስገጥማል፣ ወይ ቦይለሩን አውጥቶ ይቀይራል። ሁለቱም የሚያዋጡበት ጊዜ አለ። የሚወርደው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ከተደረጉ ግን ገንዘቡ ይወጣል፣ ፍርፋሪውም መውረዱን ይቀጥላል።

የሚወርደው ነገር ኖራ ሊሆን ይችላል፣ ዝገት ሊሆን ይችላል፣ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ፍርፋሪ ሊሆን ይችላል፣ ከመስመር የመጣ አሸዋም ሊሆን ይችላል። ለኖራ የሚሠራው መፍትሔ ለጎማ ፍርፋሪ ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ወደ አማራጮቹ ከመግባታችን በፊት እንለየው።

## የሚወርደው ምንድን ነው?

ጠዋት ማንም ውሃ ሳይከፍት ሁለት ነጭ ዕቃ አዘጋጁ። በአንዱ ከሙቁ፣ በሌላው ከቀዝቃዛው ቅዱ። ፍርፋሪው ከሙቁ ብቻ ከወረደ ምንጩ ቦይለሩ ወይም የሙቅ ውሃ ቧንቧው ነው። ከሁለቱም ከወረደ ከዋናው መስመር፣ ከውሃ ማጠራቀሚያው ወይም ከጉድጓዱ ነው፤ ቦይለሩን አትውቀሱ። ከአንድ ሩቢኔት ብቻ ከሆነ ደግሞ እዚያው ያለውን ጎማ ወይም ፍሌክሲብል ተመልከቱ።

ውሃው ወተት መስሎ ከወረደ ትንሽ ጠብቁ። ከሥር ወደ ላይ እየጠራ ከሄደና በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ንጹሕ ከሆነ አየር ነው። ምንም መግዛት አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሩቢኔቱ አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ፍቱ። ብዙ ጊዜ በእጅ ትፈታለች፤ ካስቸገረች ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፒንሳ አላቋት። ውስጧ የተጠራቀመውን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጡና ፈትኑት።

ነጭ ወይም ቢጫማ ቅርፊት። ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ እያወጣ ከሟሟ ኖራ ነው፤ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት። ስኳርም ጨውም ሙቅ ውሃ ውስጥ በደንብ ይሟሟሉ። ካልሲየም ካርቦኔት ግን ተቃራኒው ነው። ውሃው ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ካልሲየሙም ተለይቶ ይጋገራል። ያው አንድ ውሃ በቀዝቃዛው ቧንቧ ጥርት ብሎ ሲመጣ በሙቁ ፍርፋሪ ይዞ የሚመጣው ለዚህ ነው።

አቼቶ የማይነካው ነጭ ወይም ግራጫ ፍርፋሪ። ቀላል ከሆነና ውሃ ላይ ከተንሳፈፈ ፕላስቲክ ነው። ቀዝቃዛውን ውሃ ወደ ቦይለሩ ሥር የሚያወርደው የውስጥ ቱቦ እየተፈረፈረ ሊሆን ይችላል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በተሸጡ ብዙ ቦይለሮች ላይ ይህ ችግር በሰፊው ታይቷል። ሌላም ምልክት አለው። ቱቦው ሲሰበር ቀዝቃዛው ውሃ ከላይ ከሙቁ ጋር ስለሚደባለቅ ሙቅ ውሃው ቶሎ ያልቃል።

ጥቁር ነጠብጣብ። በሁለት ጣት እሹት። እንደ ቀለም ከተቀባ ጎማ ነው። ውሃ ለማከም የሚጨመረው ክሎሪን፣ በተለይ ክሎራሚን የሚባለው ዓይነት፣ የፍሌክሲብልን የውስጥ ጎማ ያበላሻል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ካልተቀባና ጠጠር ከሆነ ከማጣሪያ ያመለጠ ከሰል ወይም ማንጋኒዝ ሊሆን ይችላል።

ቀይ ቡናማ። ዝገት ነው። ማግኔት ከሳበው ብረትነቱ አያጠራጥርም፤ ባይስበውም ግን ዝገት ሊሆን ይችላል።

ጥቂት ሌሎችም አሉ። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከሆነ የመዳብ ቧንቧ እየተበላ ነው። ድብልብልና ወርቅማ ፍሬ ከሆነ ከውሃ ማለስለሻ (ከውሃው ኖራ የሚሆነውን ካልሲየም ከሚያወጣ መሣሪያ) ያመለጠ ሬዚን ነው። እንደ ጄል የሚዝለገለግ ግራጫ ነገር ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአሉሚኒየም አኖድ ነው፤ አኖድ ታንከሩ እንዳይዝግ ቦይለሩ ውስጥ የሚሰቀል ዘንግ ነው።

## በምን እንመዝናቸው?

ትልቁ መመዘኛ ይኼ ነው፦ አማራጩ ምንጩን ይነካል ወይስ የወረደውን ብቻ ይይዛል? ሁለተኛው ወጪ ነው። ሲገዛ ያለውንና በኋላ የሚከተለውን ለያይታችሁ እዩ፤ ርካሽ ማጣሪያ ካርትሪጁ (ውስጡ የሚገባው ተቀያሪ ክፍል) በየጊዜው ሲቀየር ርካሽ አይሆንም። ሦስተኛው ሙቀት መቻሉ ነው፤ ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ይኼን ነው። ከዚያ የውሃው ግፊት ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ ጥገናው በራስ እጅ የሚሠራ መሆኑን፣ በመጨረሻም የተከራያችሁት ቤት ላይ መሥራት መቻሉን ተመልከቱ።

## ቦይለሩን ማጠብ

ለኖራ ደለል፣ ለአሸዋና ለልቅ ዝገት የመጀመሪያው ምርጫዬ ይኼ ነው። ከሁሉም ርካሹ ነው። ቦይለሩ ሲሞቅ ከውስጡ የመፈንዳት ወይም የመንኳኳት ድምፅ ከተሰማ ደለሉ ወፍሯል ማለት ነው። ውሃው ከደለሉ ሥር ተይዞ ወደ እንፋሎት እየተለወጠ ነው የሚጮኸው። የኤሌክትሪክ ቦይለር ከሆነ ደለል የቀበረው ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ክፍል) ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል ቶሎ ይቃጠላል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ብሬከሩን አጥፉ፤ ጋዝ ከሆነ ጋዙን ዝጉ። ውሃው እስኪበርድ ጠብቁ፤ ቢያድር ጥሩ ነው። 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሴኮንድ ገደማ ያቃጥላል፣ የልጅን ከዚያም ባነሰ ጊዜ። ከዚያ የቀዝቃዛ ውሃ ማስገቢያውን ዝጉ። ከታች ያለው ማፍሰሻ ላይ የውሃ ጎማ አስራችሁ ወደ ፍሳሹ ዘርጉ። አየር እንዲገባ ቤት ውስጥ አንድ የሙቅ ውሃ ሩቢኔት ክፈቱ፣ ማፍሰሻውንም ክፈቱ።

ውሃው ሲያልቅ ሥራው አልቋል ብላችሁ አትተዉት። ደለሉ አሁንም ከሥር ተኝቷል። ማፍሰሻው ክፍት እንደሆነ ቀዝቃዛውን ለጥቂት ሴኮንድ በኃይል ልቀቁና ዝጉ። ደጋግሙት። መጀመሪያ ደፍርሶ ይወጣል፣ ቀጥሎ ነጭ ቅርፊትና አሸዋ ይከተላል፣ በመጨረሻ ይጠራል። ጎማው ሥር ባልዲ ብታደርጉ ምን እንደወጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከዚያ ማፍሰሻውን ዘግታችሁ ሙሉት። የሙቅ ውሃው ሩቢኔት ሳይተፋ ወጥ ሆኖ መፍሰስ ሲጀምር ብቻ ብሬከሩን መልሱ። ባዶ ቦይለር ላይ ኃይል ከተለቀቀ ሬዚስታንሱ ወዲያው ይቃጠላል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ለብዙ ዓመት ያልታጠበ ቦይለር ማፍሰሻው ላይ ጠጠር ሊሰነቀር ይችላል፣ መልሶም አልዘጋ ይላል። የሚከድን ቆብ ቀድማችሁ ያዙ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ትናንሾቹ የኤሌክትሪክ ቦይለሮች ደግሞ ብዙዎቹ የተለየ ማፍሰሻ የላቸውም። ለእነዚህ የሚሻለው ባለሙያ ጠርቶ ሬዚስታንሱን የያዘውን ክዳን አስፈትቶ ደለሉን በእጅ ማስወጣት ነው። በዚያው አኖዱም ይታያል።

በዓመት አንዴ ይበቃል። ሳሙና አረፋ አልሰጥ የሚልበት ውሃ ከሆነ በየ6 ወሩ ይሁን። የተጋገረ ኖራን ግን እጥበት አይነቅለውም።

## በአሲድ ማሟሟት

ለተጋገረ ኖራ የሚሆነው ይኼ ነው። በተለይ ታንከር ለሌላቸው፣ ውሃውን እያሳለፉ ለሚያሞቁ መሣሪያዎች ዋናው ጥገና ነው። ቀዳዳቸው ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ኖራ ይበቃቸዋል። አቼቶ ወይም ሲትሪክ አሲድ በትንሽ ፓምፕ ለ1 ሰዓት ያህል ይዘዋወርባቸዋል፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ በደንብ ይታጠባሉ። አሲድ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ እንዳይገናኝ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጥራል።

## አኖዱን መቀየር

የብረት ታንከር ባለው ቦይለር ውስጥ አንድ ዘንግ ተሰቅሏል። ሥራው ለታንከሩ ብሎ መበላት ነው። ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ከብረት ቀድሞ ስለሚዝግ ዘንጉ እያለ ታንከሩ ይተርፋል። ዘንጉ ሲያልቅ ተራው የታንከሩ ነው። ሙቁ ላይ ብቻ ዝገት የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

በየ2 ወይም 3 ዓመቱ አስፈትታችሁ እዩት። መሐሉ ያለው ሽቦ ራቁቱን ከቀረ ቀይሩት። ሙቅ ውሃው የተበላሸ ዕንቁላል ከሸተተ የማግኒዥየሙን ዘንግ በአሉሚኒየምና ዚንክ ቅይጥ ወይም በኤሌክትሪክ በሚሠራ አኖድ መተካት ይረዳል። ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ታንከሮች ብዙ ጊዜ አኖድ የላቸውም፤ መመሪያው ላይ አረጋግጡ።

ከአዲስ ቦይለር ዋጋ ጋር ሲተያይ አኖድ ኢምንት ነው። ሆኖም አብዛኛው ሰው መኖሩን የሚያውቀው ቦይለሩ ካፈሰሰ በኋላ ነው። ይኼ ሁሌም ያናድደኛል፤ ሻጩ ሲሸጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር የስንት ቤት ቦይለር ዕድሜው ይረዝም ነበር።

## ማጣሪያ

ማጣሪያ ብዙ የሚሸጥ፣ ብዙም ያለቦታው የሚገጠም ነገር ነው። የሚለካው በማይክሮን ነው፤ 1 ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአማካይ 70 ማይክሮን አካባቢ ነው። በዓይን የምታዩትን አሸዋና ዝገት ለመያዝ ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ያለው የብረት ወንፊት ይበቃል። ይህ ዓይነቱ ከታች ቫልቭ ስላለው ከፍቶ ማጠብ ነው እንጂ የሚቀየር ነገር የለውም። 5 ማይክሮን የሚይዘው ካርትሪጅ ደቃቁን ይይዛል፤ ግን ቶሎ ይሞላል፣ ሲሞላም ግፊቱን ይቀንሳል። ደቃቁ ካስፈለጋችሁ ወንፊቱን ከፊት፣ ካርትሪጁን ከኋላ አድርጉ።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ የት ይገጠም? ከቦይለሩ በፊት ከተገጠመ ከመስመር የሚመጣውን ይይዛል። ቦይለሩ ራሱ የሚፈጥረውን ኖራና ዝገት ግን አያገኘውም፤ እሱ ከኋላው ነው። "እንግዲያው ከቦይለሩ በኋላ ላስገጥመው" ካላችሁ ደግሞ ሙቀቱ አለ። የተለመዱት የፕላስቲክ ማጣሪያዎች ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠሩ ናቸው። የብዙዎቹ ጣሪያ ከ38 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ሲሞቁ ይለሰልሳሉ፣ ሊሰነጠቁም ይችላሉ፤ ከግፊት ጋር ሲሆን ቤቱን በውሃ ያጥለቀልቃሉ። ሙቁ መስመር ላይ መግጠም የግድ ከሆነ አካሉ ከማይዝግ ብረት ወይም ከነሐስ የተሠራና ለሙቅ ውሃ ተብሎ የተጻፈበትን ብቻ ግዙ።

እንግዲህ በሁለቱም ሩቢኔት አሸዋ ለሚወርድበት ቤት ማጣሪያ አንደኛ ምርጫ ነው። በሙቁ ብቻ ለሚወርድበት ቤት ግን ማስታገሻ ነው።

## ማለስለሻና ዘመዶቹ

ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዥየም በሊትር ከ120 ሚሊግራም ሲያልፍ (በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ) ውሃው ከባድ ይባላል። ከ180 ሲያልፍ በጣም ከባድ ነው። በቀላል የመመርመሪያ ወረቀት ይለካል። ከ120 በታች ለሆነ ውሃ ማለስለሻ መግዛት አይታየኝም፤ ማጠቡ ይበቃል።

በጨው የሚሠራው ማለስለሻ ካልሲየሙን አውጥቶ በምትኩ ሶዲየም ያስገባል። አዲስ ኖራ እንዳይጋገር ከምንጩ የሚያስቀረው እሱ ነው። ዕዳውም አብሮት ነው፤ ቦታ፣ ፍሳሽ፣ በየጊዜው ጨው ይፈልጋል። የለሰለሰ ውሃ አኖዱን ቶሎ ስለሚበላ ቁጥጥሩን በየዓመቱ ማድረግ ይሻላል። ጨው ቀንሱ የተባለ ሰው ቤት ካለ የኩሽናው ቀዝቃዛ ውሃ በማለስለሻው እንዳያልፍ አድርጉ። ወጪው ከከበደ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ብቻ ማለስለስ ይቻላል፤ አነስ ያለ መሣሪያ ይበቃል።

ፖሊፎስፌት የሚባል ኬሚካል ወደ ውሃው የሚጨምሩት ትናንሽ ዕቃዎች ካልሲየሙ እንዳይጋገር ይይዙታል። ርካሽ ናቸው፤ ኃይላቸው ግን ሙቅ ውሃ ታንከር ውስጥ ረጅም ጊዜ ሲቆይ ይደክማል። ያለጨው የሚሠሩት "ኮንዲሽነሮች" ካልሲየሙን አያወጡም፤ ወደ ደቃቅ ክሪስታል ይለውጡታል፣ እሱም ግድግዳ ላይ ከመጣበቅ ይልቅ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ቧንቧ ላይ የሚታሰሩት ማግኔቶችን በተመለከተ የሚቀርበው ማስረጃ ወጥ አይደለም። ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አታውሉ።

## ሙቀቱን መቀነስ

ኖራ ከ60 ዲግሪ በላይ በፍጥነት ይጋገራል። ቦይለሩ 75 ላይ ከተደረገ ወደ 60 መመለስ ምንም ሳያስወጣ ፍርፋሪውን ይቀንሳል። ከዚያ በታች ግን አትውረዱ። የሳንባ ምች የሚያመጣው ሌጂዮኔላ ባክቴሪያ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውሃ ይራባል፣ ደለል ደግሞ መጠለያ ይሆነዋል። እንዳያቃጥል የሚፈራ ሰው ከቦይለሩ መውጫ ላይ ቀዝቃዛውን የሚቀላቅል ቴርሞስታቲክ ቫልቭ ያስገጥም።

## ክፍሉን ወይም ቦይለሩን መቀየር

ለጎማና ለፕላስቲክ ፍርፋሪ ሌላ መላ የለም፤ ያረጀው ይቀየራል። ፍሌክሲብል መቀየር ቀላልና ርካሽ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ አታሳድሩት፣ ውስጡ ያለቀ ፍሌክሲብል አንድ ቀን ይፈነዳል። የውስጥ ቱቦውንም ባለሙያ ሊቀይረው ይችላል፤ ከዚያ ቦይለሩ መታጠብ አለበት። ዝገቱ የሚመጣው ካረጀ የጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተቀባ ብረት) ቧንቧ ከሆነ አዲስ ቦይለር አያድናችሁም።

ቦይለሩን መቀየር የሚገባው ታንከሩ ራሱ ሲያፈስ ነው። አኖድም እጥበትም ያን ጊዜ አይመልሱትም።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | ለየትኛው ቅንጣት | ምንጩን ይነካል? | የመጀመሪያ ወጪ | ቀጣይ ወጪ | በራስ ይሠራል? |
|---|---|---|---|---|---|
| ማጠብ | ልቅ ኖራ፣ አሸዋ፣ ዝገት | በከፊል | የለም ማለት ይቻላል | የለም | አዎ፣ ማፍሰሻ ካለው |
| በአሲድ ማሟሟት | የተጋገረ ኖራ | በከፊል | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | በጥንቃቄ |
| አኖድ | የታንከር ዝገት | አዎ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ባለሙያ ይሻላል |
| የብረት ወንፊት ማጣሪያ | ከመስመር የመጣ አሸዋና ዝገት | አይ፣ ይይዛል | መካከለኛ | የለም ማለት ይቻላል | እጥበቱ አዎ |
| ካርትሪጅ | ደቃቅ ደለል | አይ፣ ይይዛል | ዝቅተኛ | መካከለኛ | አዎ |
| በጨው ማለስለሻ | ኖራ | አዎ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ባለሙያ |
| ሙቀት ወደ 60 | ኖራ | በከፊል | የለም | የለም | አዎ |
| ፍሌክሲብል ወይም የውስጥ ቱቦ | ጎማ፣ ፕላስቲክ | አዎ | ዝቅተኛ | የለም | ፍሌክሲብሉ አዎ |
| አዲስ ቦይለር | ያለቀ ታንከር | አዎ | ከፍተኛ | እንደ እንክብካቤው | ባለሙያ |

## ለማን የቱ?

ተከራይ ከሆናችሁ ወንፊቶቹን አጽዱ፣ የሻወሩን ራስ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ ሙቀቱን አስተካክሉ። የቦይለሩን እጥበት ግን ከአከራዩ ጋር ተነጋገሩበት፤ ከባልዲው ሥር የቀረውን ደለል በፎቶ ማሳየት ከብዙ ክርክር ይሻላል።

ገንዘብ ካጠረ እጥበትና አኖድ በቂ ጅምር ናቸው። ከዚህ በፊት ማጣሪያ አትግዙ።

ከባድ ውሃ ያለበት የራስ ቤት ከሆነ ከእጥበቱ በኋላ ማለስለሻው በረጅም ጊዜ ያዋጣል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ አዲሱ ማለስለሻ የቆየውን ደለል ከታንከሩ አያወጣላችሁም።

ውሃ ከራሳችሁ ጉድጓድ ከሆነ መጀመሪያ የብረት ወንፊት፣ ከዚያ የውሃ ምርመራ። ብረትና ማንጋኒዝ ሟሙተው ከመጡ ወንፊት አይዛቸውም፤ የተለየ ማከሚያ ይፈልጋሉ።

ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት ከየትኛውም መፍትሔ ጋር፣ ለመጠጥና ለምግብ ከቀዝቃዛው ቅዱና አሙቁት። ሙቅ ውሃ እርሳስን ከቧንቧና ከብየዳ በቀላሉ ያሟሟል፤ ማፍላቱም አያጠፋውም።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ከሥራው በኋላ ለጥቂት ቀናት ፍርፋሪ ሊወርድ ይችላል። ቧንቧው ውስጥ የቀረው እየወጣ ነው። ወንፊቶቹን አውጥታችሁ ሙቁን በኃይል ለጥቂት ደቂቃ ልቀቁት፣ አጽድታችሁ መልሱ፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና ፈታችሁ ሳህኑ ላይ ገልብጧቸው። ባዶ ከሆኑ ተገላግላችኋል። ያው ፍርፋሪ ከተገኘ አቼቶውንና ማግኔቱን አምጡና ምንነቱን እንደገና ለዩ።